አሮጌ ሮታሪ ኮምባይነር ላይ በቆሎ ስታጭዱ እህል እንዳይባክን፦ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ውረዱና ቁጠሩ

ይሄን ምጽፈው እዚህ አሜሪካ እርሻ ላይ ለምትሠሩና በቅርብ ኮምባይነር መያዝ ለጀመራችሁ ወገኖች ነው፣ አገር ቤትም ሰፋ ያለ እርሻ ላይ በቆሎ በማሽን ለምታጭዱ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። እኔ አዮዋ ውስጥ በቆሎና አኩሪ አተር ሚያመርት እርሻ ላይ ነው ምሠራው፣ ዘንድሮ ስድስተኛ መከሬ ነው፣ ምይዘው ማሽን ኬዝ አይኤች 1660 ሲሆን ፊቱ ላይ ባለ 6 ረድፍ የበቆሎ ሄደር (አገዳውን እየሳበ ራሱን ሚቀነጥሰው የፊት ክፍል) አለው። የዚህ ማሽን ዘር ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር በ1977 አክሲያል ፍሎው ብሎ ካወጣቸው ከ1440 እና ከ1460 ነው ሚጀምረው፣ የ1600ዎቹ ደሞ ከ1986 ጀምሮ በኬዝ አይኤች ስም ወጡ። ብዙዎቻችሁ ስንዴ ላይ ምታውቁት ኮምባይነር ከበሮው ወደ ጎን የተኛ ነው፣ ከኋላው ደሞ ገለባውን እያራገፈ ሚወዘወዝ አካል አለው። ሮታሪው ላይ ግን አንድ ረጅም ሮተር ከፊት ወደ ኋላ ተጋድሞ እህሉ ዙሪያውን እየተጠቀለለ ነው ሚፈለፈለውም ሚለየውም። አሠራሩ ቀላል ነው፣ ሚሰበር ነገርም ብዙ የለውም፣ ለዛ ነው እስካሁን በየእርሻው ሚሠራው። በደንብ ከተስተካከለ ከአዲስ ማሽን እኩል ንጹህ ያጭዳል፣ ይሄን ከልቤ ነው ምለው።

ችግሩ ካቢን ውስጥ ተቀምጦ እህል እየባከነ መሆኑን ማወቅ አይቻልም። ከኋላ ሚወጣው ቆረቆንዳና ሽፋን አቧራ ለብሶ ሁሉም አንድ ይመስላል፣ አሮጌው የብክነት ሞኒተር ደሞ ጨመረ ወይ ቀነሰ ይላል እንጂ ስንት እንደሆነ አይነግራችሁም። ስለዚህ ሰው በግምት ይሄዳል፣ ኮንኬቭ (ሮተሩን ከስር ያቀፈውን መፈልፈያ ወንፊት) ይነካል፣ ፋን ይነካል፣ ወንፊት ይከፍታል፣ ሶስቱንም በአንድ ጊዜ ነክቶ የትኛው እንደረዳ የትኛው እንዳበላሸ ሳያውቅ ይመሻል። እኔም እንደዛ ሁለት ቀን ሙሉ አጥፍቻለሁ፣ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ምን ያህል እህል ነው ምናወራው ካላችሁ፣ አንድ ቡሽል በቆሎ 56 ፓውንድ ነው፣ 25 ኪሎ ከ400 ግራም አካባቢ። በአንድ ኤከር (0.4 ሄክታር ገደማ) አንድ ቡሽል መሬት ላይ ቢቀር ከ200 ቡሽል ውስጥ ምንም አይመስልም፣ ግን 600 ኤከር ላይ 600 ቡሽል ነው፣ በኛ አነጋገር 150 ኩንታል ያልፋል። 150 ኩንታል በቆሎ ተዘርቶ፣ ማዳበሪያ ጠጥቶ፣ አድጎ፣ ደርሶ፣ በመጨረሻዋ ሰዓት መሬት ላይ ሲቀር ያማል። እዛው ቢቀርም ዝም አይልም፣ በሚቀጥለው ዓመት አኩሪ አተሩ መሀል ራሱ በቅሎ እንደ አረም ያስቸግራችኋል።

መጀመሪያ ግን ጥንቃቄ፣ ይሄን ዘላችሁ አትለፉት። ሄደሩ ውስጥ አገዳውን ወደ ታች ሚጎትቱት ሮለሮች በሰከንድ 3 ሜትር ተኩል ያህል ይስባሉ፣ አገዳ የያዘ እጅ ሰው ልልቀቅ ብሎ ሳያስብ ገብቷል። ሄደር ሲታፈን ሴፓሬተሩን (መፈልፈያና መለያ ክፍሉን) አጥፉ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ነቅላችሁ ኪሳችሁ ክተቱ፣ ሁሉም ነገር መዞር እስኪያቆም ጠብቁ፣ ሄደሩ ከፍ ብሎ ከሆነ ደሞ የሲሊንደሩን መቆለፊያ ሳታስገቡ ስሩ አትግቡ። ደረቅ ቅጠል ሞተሩ ላይ ይከማቻል፣ ጠዋት ጠዋት በአየር ንፉት፣ እሳት ማጥፊያ ካቢን ውስጥም ውጪም ይኑራችሁ።

አሁን ወደ ሥራው።

1. ቆጠራ

ከወፍራም ሽቦ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ክፈፍ ሥሩ። ሚያዝ ቁጥር ይሄ ነው፦ በካሬ ሜትር 22 ፍሬ ማለት በኤከር አንድ ቡሽል ገደማ ነው፣ በሄክታር ለምታስቡ ደሞ 35 ፍሬ በካሬ ሜትር አንድ ኩንታል በሄክታር ማለት ነው። ያልተፈለፈለ ሙሉ ራስ ከወደቀ ለብቻው ይቆጠራል፣ ባለ 6 ረድፍ ሄደር ረድፉ 76 ሳንቲም ከሆነ በሄደሩ ሙሉ ስፋት 9 ሜትር ያህል ተራምዳችሁ ምታገኙት እያንዳንዱ መካከለኛ ራስ እንደገና አንድ ቡሽል በኤከር ነው። አንድ ራስ! ሁለት ራስ አይቶ "ምን አላት" ብሎ ሚያልፍ ሰው 2 ቡሽል ነው ያለፈው።

ማሳው ውስጥ ቢያንስ መቶ ሜትር በተለመደው ፍጥነታችሁ ግቡ፣ ጫፉ ላይ አትቁጠሩ፣ እዛ ማሽኑ ገና አልሞላም። ከዛ ቁሙ፣ ማሽኑ ውስጥ ያለውን አስወጡና ስድስት ሰባት ሜትር ወደ ኋላ ተመለሱ፣ አጥፍታችሁ ውረዱ። ሶስት ቦታ ትቆጥራላችሁ። አንደኛው ገና ያልታጨደው በቆሎ ውስጥ፣ እዛ መሬት ላይ ያለው ማሽኑ ሳይደርስ በራሱ የወደቀ ነው። ሁለተኛው ወደ ኋላ ስትመለሱ ከሄደሩ ፊት የተገለጠው ቦታ፣ እዛ ሄደሩ አልፏል ግን ከኋላ ሚወጣው ነገር አልደረሰበትም። ሶስተኛው ከማሽኑ ኋላ። ሁለተኛው ላይ ካገኛችሁት አንደኛውን ቀንሱ፣ ያ የሄደሩ ብክነት ነው። ከሶስተኛው ሁለተኛውን ቀንሱ፣ ያ የሮተሩና የወንፊቱ ነው። ከኋላ ስትቆጥሩ አንድ ቦታ ብቻ እንዳይሆን፣ ገለባ በታኙ እኩል ላይበትን ይችላል፣ በስፋቱ ሶስት አራት ቦታ ክፈፉን ጣሉና አማካዩን ያዙ። ቅጠሉን በእጃችሁ ገለጥ ገለጥ አድርጉ፣ ፍሬው ከስር ነው ሚደበቀው።

ቅድም ነግራችኋለሁ ያልኩት ይሄ ነው። ሁለተኛው መከሬ ላይ ከማሽኑ ኋላ መሬቱ ቢጫ ሆኖ አየሁትና ሮተሩ ነው ብዬ ደመደምኩ፣ ሁለት ቀን ኮንኬቭ ሳጠብ ሳሰፋ፣ ሮተር ሳፈጥን ሳዘገይ ዋልኩ፣ ፍሬው ይሰበር ጀመር እንጂ መሬቱ ላይ ያለው አልቀነሰም። በሶስተኛው ቀን አብሮኝ ሚሠራ ሸምገል ያለ ሰው ሽቦውን ሰጠኝና "ቁጠር" አለኝ። ከኋላ 75 አካባቢ፣ ሄደሩ ብቻ ያለፈበት ላይ 60። 75ቱን ከኋላ ቆሜ ሳየው ነበር ሮተሩ ላይ የፈረድኩት፣ የሮተሩና የወንፊቱ ድርሻ ግን 15 ብቻ ነበር። ፍሬዎቹን ጠጋ ብዬ ሳያቸው ደሞ በረድፉ መስመር ተሰልፈው ነው የወደቁት፣ በየጉቶው ዙሪያ። ከሮተር የወጣ ፍሬ በመስመር አይሰለፍም።

2. ሄደሩ፣ አብዛኛው እህል ሚቀረው እዚህ ነው

ራሱ ከአገዳው ሚቀነጠሰው ሁለት ብረቶች መሀል ነው፣ ዴክ ፕሌት ይባላሉ። ሮለሮቹ ከስር አገዳውን ይስቡታል፣ ራሱ በብረቶቹ ክፍተት ማለፍ ስለማይችል ተቀንጥሶ ከላይ ይቀራል፣ ሰብሳቢ ካቴናው ይወስደዋል። ክፍተቱ ከፊት 32 ሚሊ፣ ከኋላ 35 ሚሊ አድርጋችሁ ጀምሩ። ከኋላ በ3 ሚሊ መስፋቱ አገዳው እንዳይጣበቅና እንዳይቆረጥ ነው። ክፍተቱ በጣም ከሰፋ የራሱ ቂጥ ወርዶ ሮለሩን ይነካል፣ ሮለሩ ደሞ የታችኞቹን ፍሬዎች ይቀረጥፋቸዋል፣ ያኔ ነው በጉቶው ዙሪያ ፍሬ ምታገኙት። በጣም ከጠበበ አገዳው ይሰበርና ከነቅጠሉ ማሽኑ ውስጥ ይገባል፣ ሮተሩም ወንፊቱም በማይረባ ነገር ይሞላል።

ሁሉንም ረድፍ ለኩ። እኔ ጋ ሲለካ ስድስቱ ረድፍ ስድስት ዓይነት ነበር፣ አንደኛው ከፊት 41 ሚሊ ከኋላ 33፣ ማለትም ጭራሽ ተገልብጦ። ሄደሩ ሁለተኛ እጅ ሲገዛ "ሰርቪስ ተደርጓል" ተብሎ ነበር የተሸጠው፣ ማንም እንዳልነካው ቡሎኖቹ ላይ ያለው ዝገት ይናገራል። በ32 እና በ35 ሚሊ ሁለት እንጨት ቆርጣችሁ ያዙ፣ ሜትር ከማንበብ ይፈጥናል፣ እንጨቱን ከፊት ከኋላ እያስገቡ ቡሎኑን ማጥበቅ ነው። ግማሽ ቀን ፈጀብን፣ በማግስቱ 60 የነበረው 20 አልሞላም።

በዚያው ሌላም ነገር እዩ። ሰብሳቢ ካቴናው ከረዘመ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱንም ይጥላል፣ ስፕሪንጉ ሚወጥረው ካልደረሰ ቀይሩት። የሮለሮቹ ስለት ከደነዘ አገዳውን አይስብም ያንሸራትተዋል፣ አገዳው ወደ ፊት ሲገፋ ራሱ ከሄደሩ ውጪ ይወድቃል። የየረድፉ አፍ ላይ ያለችው ጎማ ደሞ የተቀነጠሰ ራስ ተንከባሎ ወደ ፊት እንዳይወጣ ነው የተደረገችው፣ ትንሽ ነገር ናት፣ ከሌለች ግን ራስ ሲወድቅ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ፍጥነት። በቆሎ ላይ በሰዓት ከ5 እስከ 7 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው ጥሩው፣ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ዴክ ፕሌቱን እዩት፣ ካቢን ሆናችሁ ይታያል። ራሱ ከፕሌቱ መሀል ከፍ ብሎ ሲቀነጠስ ልክ ናችሁ። ገና አፉ ላይ እየተቀነጠሰ ወደ ፊት ሚዘል ከሆነ ሮለሩ ለእናንተ ፍጥነት በጣም ፈጣን ነው፣ ትንሽ ጨምሩ። አገዳው እስከ ኋላ ጫፍ ሄዶ ገና እየተሳበ ከሆነ እናንተ ናችሁ የቸኮላችሁት። ካቴናው አገዳውን መሳብም መግፋትም የለበትም፣ ከእናንተ ጋር እኩል መሄድ ነው ያለበት። መሪውን ደሞ ረድፉ ላይ ያዙ፣ አሮጌ ማሽን ራሱን አይነዳም፣ ከረድፉ 15 ሳንቲም ስትወጡ አገዳው ተጣሞ ነው ሚገባው። ሁለት የዘር ማሽን መንገዶች ሚገናኙበት ረድፍ ርቀቱ እኩል ስለማይሆን እሱን በሄደራችሁ መሀል አታስገቡት፣ ማሳው በ12 ረድፍ ከተዘራ በ6 በ6 ከፍላችሁ ከዳር ጀምሩ።

የተጋደመ በቆሎ ሌላ ታሪክ ነው። ኦገስት 10 ቀን 2020 አዮዋን የመታው ዴሬቾ ሚባለው አውሎ ነፋስ ስንት ማሳ እንዳስተኛ እዚህ ያለ ሰው አይረሳውም። እንደዛ ሲሆን የሄደሩን አፍንጫዎች መሬት እስኪልሱ አውርዱ፣ በሰዓት ወደ 4 ኪሎ ሜትር ቀንሱ፣ ከተጋደመበት አቅጣጫ በተቃራኒ አጭዳችሁ ባዶውን ተመለሱ፣ ነዳጅ ቢበላም። የረድፍ አፍ ጎማዎቹንም አገዳ ሚያግዱ ከሆነ ያኔ አንሷቸው።

3. መቼ መግባት

የፍሬው እርጥበት 25 ከመቶ አካባቢ ሲሆን ጀምሮ ወደ 20 እየወረደ ያለውን ጊዜ ተጠቀሙበት፣ ማድረቂያ ካላችሁ ማለቴ ነው። ለማድረቂያው ጋዝ ታወጣላችሁ፣ ግን ቆሞ 15 ሲደርስ አገዳው ይበሰብሳል፣ ራሱ በነፋስ ይወድቃል፣ ሄደሩ ገና ሲነካው ይፈለፈላል። በጣም እርጥብ ከሆነ ደሞ ፍሬው ለስላሳ ስለሆነ ይጨፈለቃል። የትኛውን ማሳ ላስቀድም ካላችሁ መሀል ገብታችሁ መቶ አገዳ በእጃችሁ ወደ ጎን ገፋ አድርጉ፣ ከመቶው አስር ከተሰበሩ ወይ ካልተመለሱ እሱን አስቀድሙ፣ እርጥብ ቢሆንም።

4. ሮተርና ኮንኬቭ

መመሪያው አሮጌ ነው ግን ያልተቀየረ ነው፦ ቆረቆንዳውን ንጹህ አድርጎ ሚፈለፍል በጣም ዝቅተኛው የሮተር ፍጥነት። የ1660 ሮተር 61 ሳንቲም ነው፣ እኔ በደቂቃ 450 ዙር አካባቢ እጀምራለሁ፣ 1680 የያዛችሁ ሮተራችሁ 76 ሳንቲም ስለሆነ ከ350 ጀምሩ፣ ጫፉ ሚሄድበት ፍጥነት ያው ነው። ሞተሩ ሁሌ ሙሉ ጋዝ ላይ ይሁን፣ ጋዝ ቀንሶ ማዝገም ፋኑንም ወንፊቱንም አብሮ ያደክማል፣ ይሄ ስህተት ብዙ ሰው ጋ አያለሁ።

ከማሽኑ ኋላ ቆረቆንዳ አንሱና እዩ። ሙሉ ወይ ለሁለት የተሰበረ ከሆነ ጥሩ ነው። አራት አምስት ቦታ ከደቀቀ ኮንኬቩን አስፉ፣ የደቀቀ ቆረቆንዳ ወንፊቱ ላይ ከፍሬ ጋር አብሮ ነው ሚወርደው። ፍሬ ተጣብቆበት ከቀረ መጀመሪያ ኮንኬቩን ጥቂት አጥብቡ፣ ካልበቃ ብቻ ሮተሩን አፍጥኑ፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ያልደረሰች ፍሬ ግን ተዋት፣ እሷን ለማግኘት ብላችሁ ታንከሩ ሙሉ ስባሪ ትሰበስባላችሁ። ታንከር ውስጥ ሚሰበር ፍሬ ከበዛ ሮተሩን ቀንሱ። ኮንኬቩ ከፊት ከኋላ እኩል መሆኑን በዓመት አንዴ ለኩ፣ አሮጌ ማሽን ላይ ማንጠልጠያው ይበላና አንዱ ጎን ይወርዳል፣ የካቢኑ ጠቋሚ ደሞ ይሄን አያውቅም።

አንድ ሰው ማይጠብቀው ነገር፣ ሮታሪ ሲሞላ ነው ደስ ሚለው። ሲሞላ ፍሬ በፍሬ እየተፋተገ ነው ሚፈለፈለው፣ ግማሽ ባዶ ስትነዱት ብረቱ ነው ሚመታው፣ ስባሪው ይጨምራል። ስለዚህ ብክነት ባያችሁ ቁጥር ዝም ብላችሁ ማዝገም መፍትሔ አይደለም። ፍሬው በንጹህ ተፈልፍሎ ግን ከሮተሩ ኋላ ሚወጣ ከሆነ ከሮተሩ በላይ ያሉትን መምሪያ ክንፎች ወደ ዘገምተኛው አዙሯቸው፣ እህሉ ውስጥ ይቆያል ለመለየትም ጊዜ ያገኛል፣ ጉልበት ትንሽ ይበላል። የሮተሩ መፈልፈያ ብረቶች ጥርሳቸው አልቆ ለስልሶ ከሆነ ግን ምንም ብታስተካክሉ አይሆንም፣ ቀይሩ፣ ስትቀይሩ የተቃራኒውንም አብራችሁ፣ ሚዛኑን እንዳያጣ።

5. ወንፊትና ፋን

የላይኛውን 16 ሚሊ፣ የታችኛውን 13 ሚሊ ከፍታችሁ ጀምሩ። ፋኑን ደሞ ከላይ ጀምሩ፣ 1000 ዙር አካባቢ። ሰው ብዙ ጊዜ እህል ሲወጣ ፋኑን ይቀንሳል፣ በቆሎ ላይ ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው ነው ትክክሉ። አውድማ ላይ በመንሽ ያነሳ ሰው ይገባዋል፣ ነፋስ ሲጠፋ ገለባው እህሉ ላይ ይተኛል። ወንፊቱም ላይ ንፋስ ሲያንስ ሽፋኑና ቆረቆንዳው እንደ ምንጣፍ ይነጠፍና ፍሬው ላዩ ላይ ተጭኖ ከኋላ ይወጣል። በቆሎ ከባድ ነው፣ በቀላሉ አይበርም። ፍሬ በርሮ ሲወጣ እስክታዩ ጨምሩና ከዛ 50 ዙር መልሱ። የታችኛውን ወንፊት አለመጠን ማጥበብም ጥሩ አይደለም፣ ንጹህ ፍሬ ተመልሶ ሮተር ውስጥ ይገባና ሁለተኛ ይመታል።

6. ሚያንጠባጥብ ቀዳዳ

ይሄ የአሮጌ ማሽን ብቻ በሽታ ነው፣ በቶሎ ይድናል። ሲመሽ ማሽኑን ትልቅ ሸራ ላይ አቁሙ፣ ሰው አርቃችሁ ሴፓሬተሩን ለአንድ ሁለት ደቂቃ አስነሱ፣ አጥፉ፣ ወርዳችሁ ሸራው ላይ የት የት ፍሬ እንደተከማቸ እዩ። የመጋቢው ወለል፣ የድንጋይ መያዣው በር፣ የኤሌቬተሮቹ የታች በሮች፣ ከወንፊቱ ጎን ያለው ጎማ፣ እነዚህ ናቸው ሚያፈሱት። ቀጭን ላሜራ በብየዳ፣ ጎማውን በአዲስ ጎማ፣ በሩ ማይገጥም ከሆነ ደሞ እስክትሠሩት ድረስ ጠንካራ ፕላስተርም ይይዛል።

7. ሞልቶ ማቆም

ሮተሩ ነው ወይስ ወንፊቱ ሚለውን መለየት ካቃታችሁ ብቻ። ማሽኑ ሙሉ ሆኖ እየሄደ መንዳቱንም ሞተሩንም በአንድ ጊዜ አቁሙ፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ባለበት ይቀራል። ሁሉም ቆሞ ቁልፉ ኪሳችሁ ከገባ በኋላ የጎን ክዳኖቹን ክፈቱና እዩ። ወንፊቱ ላይ ፍሬው ኋላ ጫፍ ሳይደርስ ወርዶ ካለቀ ጤነኛ ነው፣ እስከ ኋላ ጫፍ ካለ ወንፊት ወይ ንፋስ ነው። ከሮተሩ መጨረሻ ቆረቆንዳ መሀል እጃችሁን ስትሰዱ ፍሬ ከተገኘ ሮተሩ ነው። ሞተሩ በሙቀቱ ስለቆመ ብዙ አታስቆዩት፣ አይታችሁ ቶሎ አስነሱና ዝቅ ባለ ዙር ይቀዝቅዝ። ሴፓሬተሩን ከማስገባታችሁ በፊት ኮንኬቩን ሙሉ ክፈቱ፣ አለበለዚያ ቺንጋውን ታቃጥሉታላችሁ። በቀን ደጋግማችሁ አታድርጉት።

አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ንኩ፣ መቶ ሜትር ሂዱ፣ ቁጠሩ። የነበረውን ቁጥርና የሆነውን ካቢኑ ክዳን ላይ በማርከር ጻፉት፣ ሮተር፣ ኮንኬቭ፣ ፋን፣ ሁለቱ ወንፊት፣ እርጥበት፣ ከኋላ የተቆጠረው ፍሬ። ጠዋት ጤዛ እያለ ያስተካከላችሁት ከሰዓት ፀሐዩ ሲበረታ አይሆንም፣ ማሳ ስትቀይሩም የዘሩ ዓይነት ይለያል፣ የኔ ክዳን ላይ ለአንድ ማሽን አራት መስመር ተጽፏል፣ ጠዋት ደርሼ ክፈፉን ከመቀመጫው ኋላ ሳወጣ መጀመሪያ ማነበው እሱን ነው።